ቤትን ስለ ማደስና ስለ ዋጋው

ሰው ቤቱን ስለ ምን ያድሳል ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ ልዩ ልዩ ነው። አንዱ ክረምት እንዳያጠቃው፣ አንዱ እንግዳ እንዳይንቀው፣ አንዱ ልጁን ሊድርበት፣ አንዱ ደግሞ ሸጦ ሊሄድ ያድሳል። በዛሬው ጊዜ በከተሞቻችን ከሁሉ ይልቅ የሚሰማው ይህ የመጨረሻው ነው። ግድግዳውን ከመቀባቱ፣ ወለሉንም ሴራሚክ ከማልበሱ በፊት «ይህን ባደርግ በስንት ይሸጥልኛል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ብዙ ነው። ጥያቄው ነውር የለበትም። የደከሙበትን ነገር ዋጋ ማወቅ ብልኅነት እንጂ ስስት አይባልም። ነገር ግን ከዚህ የሚቀድም ሌላ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «በቤቴ ላይ ከተጨመረው ዋጋ የኔ የሆነው የትኛው ነው?» የሚለው ነው። ይህን ጥያቄ የአገራችን ታሪክ በየዘመኑ በልዩ ልዩ መንገድ መልሶታል። እኔም በሐዋሳ ከተማ ባየሁትና በራሴ ላይ በደረሰው ነገር እያስረዳሁ ለወጣት አንባቢዎቼ ልነግራቸው አስቤአለሁ።

በቀድሞው ዘመን ቤት በአብዛኛው የአገራችን ክፍል ወደ ገበያ የሚወጣ ነገር አልነበረም። ገበሬው ጎረቤቶቹን በደቦ ጠርቶ ይሠራዋል፤ ሣሩ ሲያረጅ ይለውጠዋል፤ ግድግዳው ሲሰነጠቅ ይመርገዋል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው ሊኖርበት እንጂ ሊሸጠው አይደለም። በሲዳማ ደጋ ቀርከሃ እየተሰነጠቀ እንደ ቅርጫት ተጎንጉኖ የሚሠራው ቤት የዚህ ምሳሌ ነው። በጋሞ ደጋ የሚኖሩት ዶርዜዎች ደግሞ ከቀርከሃ የሚሠሩት ቤት አዲስ ሲሆን ቁመቱ እስከ 12 ሜትር ይደርሳል። ምስጥ ከሥሩ ሲበላው ቤቱ ከዓመት ወደ ዓመት ቁመቱ እያጠረ ይሄዳል እንጂ ቶሎ አይፈርስም፤ ቦታ መለወጥ ባስፈለገ ጊዜም ሰዎች ተሰብስበው ቤቱን እንዳለ ተሸክመው ይወስዱታል። እንዲህ ባለው አገር ቤቱና ቦታው ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቀዋል።

በከተማ ግን ነገሩ ሌላ ነበር። ጎንደር የነገሥታት መቀመጫ በነበረችበት ዘመን፣ በ18ኛው መቶ ዓመት፣ ቤትና መሬት ይሸጥና ይገዛ ነበር። ሽያጩም በአብያተ ክርስቲያናት ቅዱሳት መጻሕፍት ኅዳግ ላይ ከዋሶቹና ከምስክሮቹ ስም ጋር ይጻፍ ነበር። አባቶቻችን የቤትን ሽያጭ በቅዱስ መጽሐፍ ጠርዝ መጻፋቸው መጽሐፉ እንዳይጠፋና እንዳይፋቅ ስለሚጠበቅ ብቻ አይመስለኝም። በዚያ ስፍራ የተጻፈ ነገር ሐሰት እንዳይሆን ሻጩም ገዥውም ይፈሩ ነበርና ነው።

እንግዲህ ወደ ሐዋሳ እንመለስ። ሐዋሳ ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ ስሟን ባወረሳት ሐይቅ ዳር የምትገኝ ከተማ ናት። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት በ1952 ዓ.ም. እንደ ተቆረቆረች ይነገራል፤ በአመሠራረቷም የልዑል ራስ መንገሻ ሥዩም ስም ይነሣል። ከተማዋ የቆመችበት መሬት የሲዳማ ሕዝብ ማሳና የከብቱ መሰማሪያ ነበር። ከመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች መካከል ጡረታ የወጡ ወታደሮች ይገኙባቸው ነበር፤ አባቴም ከነርሱ አንዱ ነበር።

በዚያው ዓመት፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ታወጀ፤ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮም በሥራ ላይ ዋለ። ይህ ሕግ የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ እንዲሆን አዘዘ። ሻጭ በሸጠው ነገር ላይ ላለው ጉድለት ኀላፊ እንዲሆንም ደነገገ። ጉድለቱን እያወቀ በተንኰል የሸሸገ ሻጭ «ኀላፊነት የለብኝም» የሚል ቃል በውሉ ውስጥ ቢያስገባ እንኳ ያ ቃል አያድነውም። እንደዚሁም የቤት ሥራ ተቋራጭ ስለ ሥራው ጥንካሬ ካስረከበበት ቀን አንሥቶ እስከ 10 ዓመት ዋስ እንዲሆን አደረገ። ሐዋሳና ይህ ሕግ እንግዲህ እኩዮች ናቸው። ነገር ግን በዚያን ጊዜ ቆርቆሮ ለመምታት በሚሯሯጠው ሰፋሪ መካከል ሕጉን ያነበበ ብዙ ሰው የነበረ አይመስለኝም።

አባቴ በ1953 ዓ.ም. በአንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ቤት ሠራ። አንዱ እኛ የምንኖርበት፣ ሁለተኛው የሚከራይ ነበር። ሁለቱም በአንድ አናጢ እጅ፣ በአንድ ዓይነት እንጨት፣ ከአንድ ጉድጓድ በወጣ ጭቃ የተሠሩ ነበሩ። የጭቃ ቤት አሠራር ዛሬ ዛሬ በወጣቱ ዘንድ እየተረሳ ስለ ሄደ በአጭሩ ልግለጸው። መጀመሪያ ምሶሶዎቹና ቋሚዎቹ በመሬት ውስጥ ይተከላሉ፤ ማገሩም በላያቸው ይመታል። ጭቃው ከጭድ ጋር ተደባልቆ በእግር ይቦካል፤ ጭዱ እስኪበሰብስ ድረስም ለጥቂት ቀን ይተዋል። ከዚያ በኋላ ግድግዳው ይመረጋል፤ ምርጊቱም ሲደርቅ በልስን ይሸፈናል። እንዲህ ያለው ቤት ጠላቱ ሁለት ነው። አንዱ ከላይ የሚመጣ ዝናብ፣ ሁለተኛው ከታች የሚመጣ ምስጥ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ግድግዳ ምንም ቢያምር፣ ጣራውና እግሩ ካልተጠበቁ የቤቱ ዕድሜ አጭር ነው።

አባቴ ይህን ያውቅ ስለ ነበር በየዓመቱ መስቀል ካለፈ በኋላ መጥረቢያውን ይዞ ይነሣና የሁለቱንም ቤቶች ቋሚዎች በመጥረቢያው ጀርባ ከሥራቸው አንድ በአንድ ያንኳኳቸው ነበር። ደኅናው እንጨት ጠንከር ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ምስጥ የበላው ግን እንደ ባዶ ቅል ያስተጋባል። የተበላ ባገኘ ጊዜ ግድግዳውን በዚያ በኩል ይከፍትና ቋሚውን ይለውጠዋል። የአዲሱንም እንጨት እግር በእሳት ለብልቦ፣ የተቃጠለ የመኪና ዘይት ቀብቶ ይተክለዋል። እኔ ልጅ ሆኜ መብራት ይዤ እከተለው ስለ ነበር፣ የደኅናውንና የተበላውን እንጨት ድምፅ ለይቼ ማወቅ የቻልኩት ፊደል ሳልጨርስ ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚባለውን ተረት ከቃሉ ይልቅ በመጥረቢያው ድምፅ ተማርኩት።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ፣ ቁጥር 47፣ ወጣ። በዚህ አዋጅ አንድ ቤተ ሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ ሊኖረው አልተፈቀደለትም፤ ሊይዘው የሚችለው የከተማ ቦታም ቢበዛ 500 ካሬ ሜትር ሆነ። ኪራያቸው በወር ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች በቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ደግሞ በኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሥር ሆኑ። ኪራዩም እንዲቀንስ ተደረገ። በዚህ አዋጅ ደስ ያለው ብዙ ድኻ ተከራይ ነበር፤ ያዘነም ብዙ ባለቤት ነበር። የማንኛቸውንም ስሜት መካድ አይገባም። አባቴ የሁለተኛውን ቤት ቁልፍ አስረከበ፤ በግቢያችንም መካከል አጥር ተሠራ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ማንም ሰው ሊመረምረው የሚገባ ትልቅ ትምህርት ነው። ሁለቱ ቤቶች መንትያ ነበሩ፤ ዕድላቸው ግን ተለያየ። የኛ ቤት በየዓመቱ መፈተሹን አላቋረጠም። ከአጥሩ ማዶ ያለው የቀበሌ ቤት ግን ጠያቂ አጣ። ቀበሌው እንዳያድሰው የሚሰበሰበው ኪራይ ጥቂት ነበር። ተከራዩ እንዳያድሰው ቤቱ የርሱ አይደለም፤ ነገ ልቀቅ ቢባል ያወጣው ገንዘብ በግድግዳው ላይ ይቀራል፤ ለማደስም ፈቃድ መጠየቅ ነበረበት። ስለዚህ ሁሉም ሰው ሌላው እስኪያድሰው ድረስ ይጠብቅ ነበር። ይህ በሐዋሳ ብቻ ሳይሆን በአዲስ አበባም በሌሎችም ከተሞች በሺሕ በሚቈጠሩ የቀበሌ ቤቶች ላይ የደረሰ ነገር ነው። ከዚህ የምንማረው ሰው የድካሙ ፍሬ የራሱ መሆኑን ካላወቀ ሚስማር ለመምታት እንኳ እጁ እንደሚከብደው ነው።

ሆኖም አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። በቀበሌው ቤት ውስጥ ሦስት ልጆች ያሏት መበለት ትኖር ነበር። አንድ ክረምት ጣራው አፍስሶ ከልጆቿ ጋር ጥግ ለጥግ ስታመሽ አባቴ በአጥሩ ላይ አያት። በማግሥቱ መሰላሉን አጥሩ ላይ አስደግፎ ተሻገረና፣ በወሰዱበት ቤት ጣራ ላይ ወጥቶ የተነቀሉትን ቆርቆሮዎች መታ፤ የተበሳውንም በቅጥራን ደፈነ። እኔም ተቈጥቼ «ለወሰዱብህ ቤት ምን አስደከመህ?» ብለው «ዝናቡ የሚወርደው በባለቤቱ ላይ አይደለም» ብሎ መለሰልኝ። ይህን ቃል በዚያን ጊዜ አላስተዋልኩትም ነበር።

ዘመን ተለወጠና ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. አዲስ ሕገ መንግሥት ጸደቀ። በአንቀጽ 40 መሬት የብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች የጋራ ንብረት ስለ ሆነ እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ተደነገገ። ነገር ግን በዚያው አንቀጽ ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ በመሬት ላይ ለገነባው ቋሚ ንብረት ወይም ላደረገው ቋሚ መሻሻል ሙሉ መብት እንዳለው፣ መሸጥና ማውረስም እንደሚችል ተጻፈ። አንባቢዬ ይህን ቃል ልብ ብሎ ይመልከተው። በዚህ ሕግ መሠረት የከተማ ሰው ቤቱን በሸጠ ጊዜ የሚሸጠው መሬቱን ሳይሆን በላዩ የጨመረውን ነገር ነው። መጀመሪያ «የኔ የሆነው የትኛው ነው?» ብለን ለጠየቅነው ጥያቄ ሕጉ የሰጠው መልስ «የደከምክበት» የሚል ነው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታ ሊዝ አዋጅ ቁጥር 721ም በዚሁ መንገድ ሄደ። ሳይገነባ ወይም ግንባታው ግማሽ ሳይደርስ የሊዝ መብቱን ለሌላ የሚያስተላልፍ ሰው የከፈለውን ሊዝ ከነወለዱና የሠራውን ግንባታ ዋጋ እንዲያገኝ ፈቀደ። ቦታው በመወደዱ ብቻ ከመጣው ትርፍ ግን 5 በመቶ ብቻ እንዲያገኝ ወሰነ።

ነገር ግን ገበያው እንደ ሕጉ አይናገርም። በገበያ ላይ ቤት የሚወደደው ይበልጡን በቦታው ምክንያት ነው። ቀድሞ የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ይርጋለም ነበረች፤ በኋላ ግን ያ ማዕርግ ወደ ሐዋሳ ዞረ። በ1992 ዓ.ም. በደቡብ ዩኒቨርሲቲ ስም የተቋቋመው የዛሬው ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ መምህራንንና ተማሪዎችን ሰበሰበ። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርኩ ተመርቆ ከየገጠሩ ብዙ ሺሕ ወጣቶች፣ ይልቁንም ሴቶች ልጆች፣ ለሥራ መጡ። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ ሐዋሳ የሲዳማ ክልል መቀመጫ ሆነች። በዚህ ሁሉ ጊዜ የቤት ዋጋ ሲወጣ፣ እጁን አጣጥፎ የተቀመጠውም ባለቤት አብሮ ከበረ። መንገዱን የጠረገው፣ ውሃውን የዘረጋው፣ ትምህርት ቤቱን የሠራው ሕዝብ ነው፤ መሬቱን አስቀድሞ ያቀናው የሲዳማ ገበሬ ነው። ስለዚህ ቤቱ በቦታው ምክንያት የተወደደለት ሰው «በብልኅነቴ አተረፍኩ» ብሎ ባይኩራራ መልካም ነው። በጎረቤቶቹ ድካም የከበረ ሰው ለጎረቤቱ መንገድና ፈሳሽ መውረጃ ከማዋጣት ወደ ኋላ ማለት አይገባውም።

ባለቤቱ ራሱ የሚጨምረው ማሻሻያ ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው የሥር ማሻሻያ ነው፤ መሠረትን፣ ቋሚን፣ ጣራን፣ አሸንዳን፣ ውሃንና መጸዳጃን የሚመለከት ነው። ሁለተኛው የመልክ ማሻሻያ ነው፤ ቀለምን፣ ኮርኒስን፣ ጂፕሰምን፣ ሴራሚክን፣ የአጥርንና የበርን ጌጥ የሚመለከት ነው። ሦስተኛው የቍጥር ማሻሻያ ነው፤ በግቢው ጓሮ ተጨማሪ ክፍል እየደረደሩ ማከራየትን የሚመለከት ነው።

ስለ ሥር ማሻሻያ ብዙ ማስረዳት አያሻም፤ «ውሃን ከጥሩ፣ ነገርን ከሥሩ» ይባላል። ሐዋሳ ደግሞ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ያለች ከተማ ስለ ሆነች ምድሯ አልፎ አልፎ ይናወጣል። በጥር 2008 ዓ.ም. መሬቱ ተንቀጥቅጦ ሰው ከየቤቱ እየደነገጠ በወጣ ጊዜ፣ የትኛው ቤት ጂፕሰም አለው ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም። በደንብ የታሰረ ብረትና በደንብ የቆመ ዓምድ ከውጭ አይታይም፤ ስለማይታይም ገዥ ብዙውን ጊዜ አይከፍልበትም። ነገር ግን ቤትን ቤት የሚያደርገው እርሱ ነው። ከዚህም ጋር አብሮ የሚታይ ሌላ ሥር አለ፤ እርሱም ሰነድ ነው። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 በ2001 ዓ.ም. ከወጣ ወዲህ ያለ ግንባታ ፈቃድ የተሠራ ክፍል፣ ግድግዳው ከድንጋይ ቢሆንም፣ ለሽያጭና ለባንክ ብድር ሲቀርብ ክርክር ያስነሣል። ስለዚህ ካርታውና ፈቃዱ የተስተካከለ ትንሽ ቤት፣ ሰነዱ ካልጠራ ትልቅ ቤት የበለጠ ልብ ያሳርፋል።

የመልክ ማሻሻያ ክፉ አይደለም። ንጹሕ ቀለም ያለው ቤት ለነዋሪው ደስታ፣ ለመንደሩም ጌጥ ነው። ነገር ግን ለመሸጥ ብሎ ለጌጥ ብዙ ገንዘብ የሚያፈስ ሰው ብዙ ጊዜ ያወጣውን አያገኝም፤ ምክንያቱም ገዥው የራሱ ምርጫ አለው። ሻጩ በቀይ ሴራሚክ የኮራበትን ወለል ገዥው ነቅሎ ሊጥለው ይችላል፤ ነቅሎ ለሚጥለውም ነገር ዋጋ አይከፍልም። ስለዚህ ጌጥን ለራስህና ለልጆችህ ዓይን አድርገው፤ የምትኖርበት ዘመን ዋጋውን ይከፍልሃል።

የቍጥር ማሻሻያ ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ፓርኩ ከተከፈተ ወዲህ ለሠራተኞቹ በቂ ቤት ስላልነበረ በየግቢው ጠባብ ክፍሎች ተደረደሩ፤ በአንዲት ክፍልም ሦስትና አራት ልጃገረዶች ተዳብለው ማደር ጀመሩ። ክፍል መጨመር ለተቸገረው መጠለያ፣ ለባለቤቱም ገቢ ስለ ሆነ የሚመሰገን ሥራ ነው። ነገር ግን መስኮት የሌለው ክፍል ሠርቶ፣ ለአሥራ አምስት ሰው አንድ መጸዳጃ ሰጥቶ፣ «ቤቴን አሻሻልኩ፤ ዋጋውም ጨመረ» የሚል ሰው ያሻሻለው ቤቱን ሳይሆን ኪሱን ነው። ጎረቤት የሚሸሸውና ፈሳሹ ወደ ሰው ደጅ የሚወርድ ግቢ ውሎ አድሮ የመንደሩን ሁሉ ዋጋ ያወርዳል። ያን ጊዜ ሰውየው የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለችውን ሴት ይመስላል።

አሁን ያፈርኩበትን ነገር እነግራችኋለሁ። አባቴ በ1994 ዓ.ም. ዐረፈ። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ታሞ ስለ ነበር መጥረቢያውን አላነሣም፤ እኛም አላነሣንለትም። በ1996 ዓ.ም. እኔና ወንድሜ ቤቱን ለመሸጥ ተስማማንና ማሳደስ ጀመርን። አንድ ቀን ማታ ብቻዬን በጓሮው በኩል ሄጄ የግድግዳውን ቋሚዎች እንደ አባቴ ከሥራቸው አንኳኳኋቸው። ከነርሱ አራቱ እንደ ባዶ ቅል አስተጋቡ። ለወንድሜ ስነግረው «ገዥ የሚያየው ግድግዳውን ነው እንጂ ውስጡን አይደለም፤ ቋሚ ለመለወጥ የምናወጣውን በልስንና በቀለም ብናወጣው ይሻላል» አለ። እኔም ዝም አልኩ። ግድግዳው በሲሚንቶ ተለሰነ፣ በነጭ ቀለምም ተቀባ፤ ከሠፈሩ ሁሉ ያማረ ቤት ሆነ።

ገዥው ባለትዳርና የልጆች አባት የሆነ መምህር ነበር። ግድግዳውን በጣቱ መታ መታ አድርጎ «ቋሚዎቹ ደኅና ናቸው?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም «አባቴ በየዓመቱ ይፈትሻቸው ነበር» ብዬ መለስኩለት። ይህ ቃል እውነት ነበር፤ ነገር ግን በእውነተኛ ቃል የተነገረ ውሸት ነበር። ሰውየውም በአባቴ ስም አመነኝ፤ ያለውን ጥሪት ሰጥቶ ገዛን።

ክረምቱ ገባ። ሲሚንቶ በጭቃ ግድግዳ ላይ ሲለሰን እርጥበቱ ወደ ውጭ እንዳይተን ይዘጋዋል። ስለዚህ ጭቃው በውስጥ ረጥቦ ከበደ፤ የተበሉት ቋሚዎችም ሊሸከሙት አልቻሉም። በነሐሴ አንድ ሌሊት የጓሮው ግድግዳ ተቀደደና ወደ ውጭ ተዘረገፈ። ልጆቹ በዚያ ሌሊት በሌላው ክፍል በመተኛታቸው የሞተ አልነበረም። በማግሥቱ መምህሩ ወደ ወንድሜ ቤት መጣ። አልጮኸም፤ አልተሳደበም። በጋዜጣ የጠቀለለውን የእንጨት ብናኝ ፈታና በጠረጴዛው ላይ አፈሰሰው። ወንድሜ «አይተህ ነው የገዛኸው» ብሎ መከራከር ጀመረ። እናቴ ከወንድሜ ጋር ትኖር ስለ ነበር ይህን ሁሉ ትሰማለች። ብናኙን በጣቷ ነካችና «አባታችሁ ለማይዛመዳት ሴት ጣራ መታ፤ እናንተ ግን ስሙን ይዛችሁ የሰው ልጆች የሚተኙበትን ግድግዳ ሸፈናችሁበት» አለች። ከዚህ በኋላ የተናገረ አልነበረም።

ይህ ዓይነት ጥፋት በኛ የተጀመረ አይደለም። ከ3,700 ዓመት በላይ በፊት በባቢሎን የነገሠው ሐሙራቢ፣ ቤት ሠሪ የሠራው ቤት ፈርሶ ባለቤቱን ቢገድል ሠሪው በሞት እንዲቀጣ፣ ግድግዳው ቢዘም ደግሞ በገዛ ገንዘቡ እንዲያጸናው በሕጉ አዝዞ ነበር። ሮማዊው ሲሰሮም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ዓመት፣ በአቴና ይማር ለነበረው ልጁ ስለ ግዴታ በጻፈለት መጽሐፍ ውስጥ እንዲህ ያለ ታሪክ ይገኛል። ቀላውዴዎስ ኬንቱማሉስ የተባለ ሰው በሮም በአንድ ኮረብታ ላይ ቤት ነበረው። የወፎችን በረራ አይተው ምልክት የሚናገሩት ካህናት የቤቱ ከፍታ እይታቸውን ስለ ጋረደባቸው የጋረደውን ክፍል እንዲያፈርስ አዘዙት። እርሱ ግን ትእዛዙን ሸሽጎ ቤቱን ካልፑርንዮስ ላናርዮስ ለሚባል ሰው ሸጠው። ካህናቱም ገዥውን አፍርስ አሉት፤ አፈረሰም። በኋላ ሻጩ ትእዛዙን እያወቀ እንደ ሸጠለት ደረሰበትና ከሰሰው። ዳኛው ማርቆስ ካቶ ሻጩ ጉድለቱን እያወቀ ሳይናገር ሸጧልና ጉዳቱን ይካስ ብሎ ፈረደ።

ይህ የሮም ታሪክ ለኛ ከተሞች እንግዳ አይደለም። መንገድ ሊወጣበት የታቀደን ቤት ቀለም ቀብቶ ለማያውቅ ሰው የሚሸጥ ዛሬም አይጠፋም። በ1997 ዓ.ም. ለሕዝብ ጥቅም መሬት ስለሚለቀቅበት ሁኔታ የወጣው አዋጅ፣ ካሳው በመሬቱ ላይ ላለው ንብረት እንጂ ለመሬቱ ዋጋ እንዳልሆነ፣ የመልቀቂያ ማስታወቂያ ከደረሰ በኋላ ለተጨመረ ንብረትም ካሳ እንደማይከፈል ደነገገ። ስለዚህ ነገ የሚነሣን ቤት ሸሽጎ የሸጠ ሰው ገዥውን ሜዳ ላይ ጣለው ማለት ነው። ፍርድ ቤት ባይደርስበት እንኳ ሐሳቡ ዘወትር ይከሰዋል።

እኛም በእናታችን ቃል ተገደን የተደበቀውን ዕዳ ከፈልን። አራቱን ቋሚዎች አስለወጥን፤ ከግድግዳውም በታች የድንጋይ መሠረት አስገባን። እኔ ራሴ ከግንበኞቹ ጋር ድንጋይ ተሸክሜ ስውል መምህሩ ሻይ አቀረበልኝ፤ ሻዩን እያፈርኩ ጠጣሁት። የወጣው ገንዘብ አስቀድሞ ቋሚዎቹን ለመለወጥ ከሚያስፈልገው እጥፍ ይበልጥ ነበር። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ ነገር ግን ሳያድር ያጠራው ሰው ኪሳራው ያንስለታል።

እንግዲህ ወጣቶች ሆይ፣ ነገ ቤት ትሠራላችሁ፤ ታድሳላችሁ፤ ምናልባትም ትሸጣላችሁ። ገንዘባችሁን አስቀድማችሁ ለሥሩ፣ ቀጥላችሁ ለመልኩ አውሉት። የጨመራችሁት ነገር ሁሉ ለነዋሪው የሚጠቅም፣ ጎረቤትንም የማይጎዳ ይሁን። የጠገናችሁትን ሁሉ ለገዥው አሳዩት፤ ያልጠገናችሁትን ደግሞ በግልጽ ነግራችሁት ዋጋውን ቀንሱለት። አንድ ነገር ቤታችሁን ያሻሻለው መሆኑን ለማወቅ ከፈለጋችሁ መለኪያው ቀላል ነው፤ ገዥውን ወደዚያ ስፍራ እጁን ይዛችሁ መውሰድ ከቻላችሁ ማሻሻያ ነው፤ ከዚያ ስፍራ ልታርቁት ከፈለጋችሁ ግን ዕዳ ነው።

የአባቴ መጥረቢያ ዛሬም በኔ ዘንድ አለ። በየዓመቱ መስቀል ሲያልፍ አነሣዋለሁ። የዛሬው ቤቴ በብሎኬትና በሲሚንቶ የተሠራ ስለ ሆነ የሚንኳኳ ቋሚ የለውም። ስለዚህ ወደ ጣራው እወጣና አሸንዳውን እጠርጋለሁ፤ ከዚያም የልጅ ልጄ መብራት ይዞ እየተከተለኝ በቤቱ ዙሪያ እዞራለሁ።